ኤድሙንዶ ናቫሮ ዴ አንድራዴና የሪዮ ክላሮ ጉቶዎች

በሙያችን ውስጥ ስማቸው በየመጽሐፉ የሚጠቀስ፣ ሕይወታቸው ግን ለብዙዎቻችን ያልተነገረን ሰዎች አሉ። ብራዚላዊው የግብርና ሊቅ ኤድሙንዶ ናቫሮ ዴ አንድራዴ ከነዚህ አንዱ ናቸው። የብራዚል የባሕር ዛፍ አባት እየተባሉ ሲጠሩ እንሰማለን፤ ስላስተከሏቸው ዛፎች ብዛትም እናነባለን። የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ እኚህ ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ግን ቀድሞ በሐሳቤ የመጣው የዛፎቹ ብዛት አልነበረም። ዛሬ የባሕር ዛፍን ቁራጭ ሥር እንዲያወጣ አድርጎ፣ አንዱን ምርጥ ዛፍ በሺህና በሚሊዮን ማባዛት በብዙ አገር የተለመደ ተግባር ሆኗል። ለዚህ ጥበብ ፍለጋ ምክንያት የሆነው ችግርም፣ ጥበቡ የተሠራበት ዛፍም በአብዛኛው ከናቫሮ መደቦች የወጡ ናቸው። እርሳቸው ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቀድመው አልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናቫሮ ዴ አንድራዴ በ1881 መጀመሪያ ላይ በሳኦ ፓውሎ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ የቡና ዘመን ነበር። የግዛቲቱ ባለ ርስቶች በቡና ንግድ እየበለጸጉ፣ ቡናውም ወደ መሐል አገር እየገፋ፣ ከፊቱ የቆመውን ደን በመጥረቢያና በእሳት እያስጠረገ ይሄድ ነበር። ወጣቱ ኤድሙንዶ ለግብርና ትምህርት ወደ ፖርቱጋል ተሻግረው፣ በኮይምብራ በነበረው ብሔራዊ የግብርና ትምህርት ቤት ተማሩ። ፖርቱጋል ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለውን ኤውካሊፕተስ ግሎቡሉስን ከብዙዎች አገሮች አስቀድማ ተቀብላ በሰፊው የተከለች አገር ነበረች። ስለዚህ ተማሪው ዛፉን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው ያወቁት እዚያው ሳይሆን አይቀርም። በ1903 ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜያቸው ከሃያ ሁለት ዓመት አይበልጥም ነበር።

በዚያን ጊዜ በሳኦ ፓውሎ ግዛት ከነበሩት የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ከዋነኞቹ አንዱ ኮምፓኒያ ፓውሊስታ ይባል ነበር። ኩባንያው በ1868 ተቋቁሞ፣ በ1872 ከዡንዲያኢ እስከ ካምፒናስ ያለውን የመጀመሪያ መሥመሩን ከፍቶ፣ ከዚያም ቡናውን ተከትሎ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ሄዷል። የኩባንያው ችግር ራሱ ያመጣው ችግር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቡሩ በደረሰበት ሁሉ ቡና ይተከላል፤ ቡና በተተከለበት ሁሉ ደን ይመነጠራል። ይሁን እንጂ የባቡሩ ምድጃ የሚነደው በእንጨት፣ ሐዲዱም የተነጠፈው በእንጨት ላይ ነበር። የድንጋይ ከሰል ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ የሚመጣ ነው። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት እንጨቶችም በየጥቂት ዓመቱ እየበሰበሱ በሌላ መተካት ነበረባቸው። ደኑ ከመሥመሩ በራቀ ቁጥር ማገዶውን ወደ ጣቢያው ለማድረስ የሚወጣው ገንዘብ እየናረ ሄደ።

ይህ ዓይነቱ ጭንቅ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ገና በመቆርቆር ላይ የነበረችው አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ፣ ዐፄ ምኒልክም ባሕር ዛፍ እንዲተከል ማድረጋቸው ይታወቃል። ዛፉን በማስመጣትም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ስሙ ይነሣል። በአዲስ አበባ ማገዶውን የፈለገው የቤተ መንግሥቱና የከተሜው ምድጃ ነበር፤ በሳኦ ፓውሎ ደግሞ የባቡሩ ምድጃ ነበር። ልዩነቱ በዚያ አገር ኩባንያው ጉዳዩን እንዲያጠና አንድ የተማረ ሰው ቀጥሮ፣ መሬትና ጊዜ መስጠቱ ነው።

ናቫሮን የቀጠሯቸው በዘመኑ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ የሳኦ ፓውሎ ከተማም ከንቲባ የነበሩት አንቶኒዮ ፕራዶ ናቸው። ወጣቱ የግብርና ባለሙያ በ1904 በዡንዲያኢ አጠገብ በተገዛ መሬት ላይ ሥራቸውን ጀመሩ። እዚህ ላይ የሰውየው ጠባይ ጎልቶ ይታያል። በፖርቱጋል ያዩትን ዛፍ በቀጥታ አምጥተው ኩባንያው እንዲተክለው ማሳመን ይችሉ ነበር፤ ይህን አላደረጉም። የአገራቸውን ታዋቂ የደን ዛፎች፣ ፔሮባን፣ ዣካራንዳን፣ ዤኪቲባን፣ ከደቡብ የሚመጣውን የፓራና ጥድ ጭምር፣ ከውጭ ከመጡት ዛፎች ጋር ጎን ለጎን ተክለው እድገታቸውን ይለኩ ጀመር። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ መልሱ ተገኘ። የአገሩ ዛፎች እንጨታቸው እጅግ የከበረ ቢሆንም፣ ባሕር ዛፉ በቁመትም በውፍረትም ጥሏቸው ሄዶ ነበር።

ከባሕር ዛፎቹም መካከል ቢሆን መምረጥ ያስፈልግ ነበር። በፖርቱጋልም ሆነ በእኛ ደጋ የሚስማማው ግሎቡሉስ በሳኦ ፓውሎ ሙቀትና የበጋ ዝናብ ውስጥ እንደ ተጠበቀው አልሆነም። ናቫሮ ከዚህ የተማሩት ባሕር ዛፍ የሚባል አንድ ዛፍ እንደሌለ ነው። ያሉት ብዙ መቶ ዝርያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱን አፈርና የራሱን ሰማይ ይፈልጋል። ይህ ዛሬ ለማናችንም ግልጽ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በዓለም ዙሪያ ባሕር ዛፍ የሚተክለው ሰው አብዛኛው የሚያውቀው አንዱን ግሎቡሉስን ነበር።

በ1909 ዋናው ሥራ ወደ ሪዮ ክላሮ ተዛወረ። ከሳኦ ፓውሎ ከተማ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ በምትገኘው በዚህች የባቡር ከተማ አጠገብ ናቫሮ የዕድሜያቸውን ትልቁን ክፍል የወሰደውን የዛፍ መደብ መሠረቱ። በዚያው ዓመት ስለ ባሕር ዛፍ አተካከል የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በ1910ዎቹም እስከ አውስትራሊያ ተጉዘው ዛፎቹን በትውልድ አገራቸው አጠኑ። በሲድኒ የዕፅዋት መካን ኃላፊ ከነበሩትና የባሕር ዛፍን ዝርያዎች በመለየት ረገድ በዘመኑ አቻ ካልነበራቸው ከጆሴፍ ሜይደን ዘር አገኙ። በጠቅላላው ወደ ብራዚል ያስገቧቸው ዝርያዎች 144 ይደርሳሉ። በሪዮ ክላሮ እያንዳንዱ ዝርያ በየራሱ መደብ ተተከለ፤ ተለካ፤ ተቆረጠ፤ ተመዘነ፤ ነደደ። የትኛው እንጨት ለምድጃ፣ የትኛው ለሐዲድ፣ የትኛው ለስልክ ምሰሶ፣ የትኛው ለቤት ዕቃ እንደሚሆን ተመዘገበ። በ1916 በዚያው ግቢ የባሕር ዛፍ ቤተ መዘክር ተቋቋመ። የዛፉ እንጨት ምን ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ታስቦ የተደራጀ በመሆኑ፣ ጎብኚው ስለ ባሕር ዛፍ የሚማረው በባሕር ዛፍ ወለል ላይ እየተራመደ ነው።

ተቃዋሚም አላጡም። የብራዚል ደን ዓለም የሚያደንቀው ሀብት ሆኖ ሳለ፣ የባዕድ ዛፍ መትከል ምን ማለት ነው የሚል ቅሬታ በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ ተከትሏቸዋል። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል የሚለውም ክርክር፣ እኛ ዘንድ ዛሬም ድረስ የሚሰማው፣ እዚያም ነበረ። ናቫሮ በጽሑፋቸው ብርቱ፣ አንዳንዴም ምላሰ ስለታም ተከራካሪ ነበሩ። ለባቡሩ ማገዶ የሚሆን ዛፍ ካልተተከለ ባቡሩ የቀረውን ደን እንደሚጨርሰው ሳይታክቱ ይከራከሩ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣና ከባሕር ማዶ የሚመጣው የድንጋይ ከሰል ሲጓደል፣ ኩባንያው የራሱ ማገዶ ያለው መሆኑ ለክርክራቸው ከመጽሐፍ የበለጠ ማስረጃ ሆነላቸው። በእኔ አስተያየት ግን ስለ መሬቱ ውሃ የተነሣባቸውን ጥያቄ ከሚገባው በላይ አቃለው ነበር። ወዳጅነታቸው ከዛፉ ጋር ስለ ነበር የዛፉን ነቀፋ ለመስማት ጆሯቸው ሳይከብድ አልቀረም።

ሌላም ሥራ ነበራቸው። በ1924 የቡና ፍሬ የሚበላው ነቀዝ የሳኦ ፓውሎን እርሻዎች በወረረ ጊዜ፣ ነገሩን እንዲያጠኑ ከታዘዙት ሦስት ሊቃውንት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ የባሕር ዛፍ ግንዶችን ወደ አሜሪካ፣ በማዲሰን ወደሚገኘው የደን ውጤቶች ቤተ ሙከራ አስጭነው፣ ከዚህ እንጨት ወረቀት መሥራት እንደሚቻል አስመረመሩ። ባቡሩ ከ1922 ጀምሮ በከፊል በኤሌክትሪክ መሄድ ጀምሮ ስለነበር፣ ዛፉ ከምድጃ ሌላ ገበያ እንደሚያስፈልገው አስቀድመው ያዩ ይመስላል። በ1939 የሠላሳ አምስት ዓመት ልምዳቸውን የያዘውን፣ ባሕር ዛፍ የሚል ርእስ ያለውን ትልቅ መጽሐፋቸውን አወጡ። በ1941 መጨረሻ በሳኦ ፓውሎ አረፉ።

የሕይወታቸው ታሪክ በአብዛኛው እዚህ ላይ ይዘጋል። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ግን ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጣልና ወደ መደቦቹ እንመለስ።

ዝርያዎችን ለማወዳደር የፈለገ ሰው ጎን ለጎን ይተክላቸዋል። ናቫሮም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ትክክልም ነበሩ። ነገር ግን በአውስትራሊያ ተራራና በረሃ ለያይቷቸው የኖሩ ዝርያዎች፣ በሪዮ ክላሮ የአንድ መንገድ ስፋት ብቻ ሲለያያቸው፣ ንቦች ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ብናኝ ማመላለሳቸው አይቀርም። የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች እርስ በርሳቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ። ስለዚህ ከአንድ መደብ የተለቀመ ዘር፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አባቱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነበር።

በስሙም ላይ ቢሆን ችግር ነበረ። ሳሊግና ተብለው ከተተከሉት ብዙዎቹ በኋላ ሲመረመሩ ግራንዲስ ሆነው ተገኙ። ከጃቫ ደሴት፣ ያን ጊዜ ቡይተንዞርግ ይባል ከነበረው ከቦጎር የዕፅዋት መካን፣ ኤውካሊፕተስ አልባ ተብሎ የመጣውም ዘር ሌላ ዝርያ ነበር። ይህ ዝርያ የራሱን ስም፣ ዩሮፊላ የሚለውን ያገኘው በ1977፣ ናቫሮ ካረፉ ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ ስሕተት ናቫሮን መውቀስ አይገባም፤ ዘሩን የላኩት ሊቃውንትም አላወቁትም ነበርና። ወቀሳ ካለ በሌላው ላይ ነው። ሪዮ ክላሮ የማወዳደሪያ ቦታ ሆኖ ሳለ የዘር ምንጭም ሆነ። የመላው ብራዚል ተካይ ዘሩን የሚያገኘው ከዚያው ነበር። ለንጽጽር የተዘጋጀ መደብ ለዘር አይሆንም፤ ሁለቱን ተግባሮች በአንድ መሬት ላይ ማዋሃዳቸው በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተታቸው ነው።

ስሕተቱ ያስከተለው ነገር ግን እንግዳ ነበር። የሪዮ ክላሮ ዘር በተዘራበት ሁሉ ከሚበቅለው ችግኝ መካከል ጥቂቶቹ ከእናታቸውም ከአባታቸውም የሚበልጡ ግዙፎች ሆነው ይወጣሉ፤ ከጎናቸው ደግሞ የቀጨጩና የጠመሙ ይቆማሉ። የድቅል ነገር እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ጉልበቱ ያስደንቃል። ከእርሱ ዘር ወስዶ የሚዘራ ሰው ግን የተቀላቀለው ሁሉ ተበታትኖ ይወጣበታል። አንድ ገበሬ ከሁሉ የበለጠውን ዛፍ መርጦ ዘሩን ቢለቅም፣ በሚቀጥለው ዓመት የዛፉን ልጆች ያገኛል እንጂ ዛፉን አያገኝም። በ1940ዎቹ የካምፒናስ የዘር ሊቃውንት በሪዮ ክላሮ የማጣራትና የመምረጥ ሥራ ጀምረው ነበር፤ ዘሩ ግን በዓመታት ውስጥ እየተደባለቀ የሄደውን ያህል በፍጥነት ሊጣራ አልቻለም።

መፍትሔው ዘርን ትቶ ዛፉን ራሱን ማባዛት ነበር፤ ይኸውም ከግንዱ ቆርጦ መትከል። ሸንኮራ አገዳ፣ ወይን፣ ጽጌረዳ የሚባዙት በዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ግን እምቢ አለ። እኔ ራሴ በሥራ ዓለም በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ከአንድ ያማረ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፎች ቆርጬ በችግኝ ጣቢያው ጥላ ሥር ተክዬ፣ በየማለዳው ውሃ እያጠጣሁ ስጠብቅ ሁሉም በሦስት ሳምንት ውስጥ ደርቀውብኝ ያውቃሉ። የውሃ ማነስ ነው ብዬ አጠጣኋቸው፤ የተረፉት በሰበሱ። ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1970 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በጎለመሰ ባሕር ዛፍ አካል ውስጥ ሥር እንዳይወጣ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለ። ገና ጥቂት አንጓ ያላት ችግኝ ብትቆረጥ በቀላሉ ሥር ታወጣለች፤ ዕድሜዋና አንጓዋ ሲጨምር ይህ ችሎታ ይጠፋል። የዛፉ መልካምነት የሚታወቀው ካደገ በኋላ ነው፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ሥር አያወጣም።

የዚህ ቁልፍ መፍቻ ከዛፉ ግርጌ ነበረ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ከእኛ ገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በእንጦጦም ሆነ በየገጠሩ ጓሮ ከአንድ ጉቶ አባትና ልጅ ደጋግመው ቆርጠዋል። ከዚህ ሁሉ የምንረሳው አንድ ነገር የዛፉ ጫፍ ሲጎለምስ የግንዱ ግርጌ የልጅነት ጠባዩን ይዞ መቅረቱን ነው። ከጉቶው የሚወጣው ቀንበጥ እንጨቱ የሃያ ዓመት ዛፍ፣ ጠባዩ ግን የችግኝ ነው። ቅጠሉን አይቶ መለየት ይቻላል፤ የነጭ ባሕር ዛፍ ቀንበጥ ቅጠል ሰፊና አመድማ ሆኖ ከላይኛው ረጅም ቅጠል ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም።

እንግዲህ ናቫሮ በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ የኖሩት በዚህ መፍትሔ መካከል ነው። የኩባንያው ማገዶ የሚገኘው ዛፉን ቆርጦ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን በማሳደግ፣ ደግሞም በመቁረጥ ነበር። በመጽሐፎቻቸው ውስጥ ስለ ጉቶው አቆራረጥ፣ ከሚወጡት ቀንበጦች ስንቱን ትቶ ስንቱን ማስወገድ እንደሚገባ በጥንቃቄ ጽፈዋል። የሚወገዱት ቀንበጦች ይጣሉ ነበር። የሚቀሩትም አድገው በባቡሩ ምድጃ ውስጥ ይነዳሉ። የሪዮ ክላሮን ምርጥ ዛፎች ሳይለወጡ ለልጅ ልጅ ሊያስተላልፉ ይችሉ የነበሩት እነዚያው ቀንበጦች ነበሩ። ይህን ስል የነቀፋ ቃል እንዳይመስልብኝ፤ ሥር የሚያስወጣው ሆርሞንም፣ የጭጋግ ርጭቱም ገና በእጃቸው አልነበሩም። በዘመናቸው የነበረው ተግባር በሙሉ በዘር ላይ የቆመ ነበር።

ከእርሳቸው በኋላ ነገሩ የቀጠለው እንደሚከተለው ነው። በ1966 የብራዚል መንግሥት ዛፍ ለሚተክሉ ኩባንያዎች የግብር ቅናሽ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በአንድ ጊዜ መላው አገር ዘር ፈለገ፤ ዘር ያለው ደግሞ ሪዮ ክላሮ ነበር። በኤስፒሪቶ ሳንቶ ግዛት ጠረፍ አራክሩዝ የተባለው ኩባንያ በ1967 መትከል ሲጀምር የወሰደው ዘር ከዚሁ የተገኘ ነበር። ዛፎቹ እንደ ተለመደው አንዱ ግዙፍ አንዱ ድንክ ሆነው በቀሉ። በዚያ ላይ በሞቃታማው ጠረፍ ቅርፊት የሚያቆስልና ግንድ የሚገድል የፈንገስ በሽታ ገባባቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ሲታመሙ በመካከላቸው ግን ፈንገሱ ያልነካቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ጥቂቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ያ የጃቫው ዩሮፊላ ከግራንዲስ ጋር በአጋጣሚ የተዳቀለባቸው ናቸው። ዘራቸውን መልቀም ጥቅም አልነበረውም፤ ስለዚህ የኩባንያው ባለሙያዎች ቆረጧቸው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስታውስ፤ ለብዙዎቹ የማኅበራችን አባላት አዲስ ባይሆንም። የተመረጠው ዛፍ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል። በሁለት ወር ገደማ ከጉቶው የሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች፣ ገና ለስላሳ ሳሉ፣ ግን ሳይቀጥኑ፣ በማለዳ ይለቀማሉ። እያንዳንዱ ወደ አጫጭር ቁራጮች ይከፈላል፤ በቁራጩ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ቅጠል ይቀራል፤ ቅጠሉም ውሃ በብዛት እንዳያተን ግማሹ በመቀስ ይቆረጣል። የቁራጩ ግርጌ ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ በተባለው ሆርሞን ዱቄት ይነከርና፣ አየርና ውሃ እንደ ልብ በሚያሳልፍ ነገር፣ ለምሳሌ በቨርሚኩላይት ወይም በከሰለ የሩዝ ገለባ፣ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ውሃ ነው፤ ማጠጣት ሳይሆን ቅጠሉ ፈጽሞ እንዳይደርቅ በየጥቂት ደቂቃው እንደ ጭጋግ መርጨት ነው። እኔ በወጣትነቴ የሳትኩት እዚህ ላይም ነበር፤ ሥሩ የሚያስፈልገውን አየር በውሃ አሰጠምኩት፣ ቅጠሉ የሚያስፈልገውን እርጥበት ግን ነፈግኩት። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ሥሩ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተሸጋገረ በሦስት ወር ገደማ ለተከላ ይደርሳል።

በኮንጎ በፖይንት ኑዋር ፈረንሳውያንና ኮንጎውያን ባለሙያዎችም በ1970ዎቹ በዚሁ መንገድ ይሄዱ ነበር። የሚያስገርመው እነርሱም የተነሡት በዛፍ መደቦቻቸው ውስጥ በአጋጣሚ ከተገኙ ድቅሎች መሆኑ ነው። አራክሩዝ በ1979 ከቁራጭ የተገኙ ችግኞችን በሰፊው መትከል ጀመረ። ሥራውን የመሩት ባለሙያዎች በ1984 በስዊድን የሚሰጠውን የማርከስ ዎለንበርግ ሽልማት ተቀበሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ትልቅ ዛፍ መቁረጥም ቀርቷል። ሥር ያወጣው ትንሽ ችግኝ ራሱ እንደ እናት ተይዞ፣ ጫፉ እየተቀጠፈ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆኑ ቁራጮች ይሰጣል፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ ያለ ሆርሞን ሥር ያወጣሉ። ነጭ ባሕር ዛፍ ግን፣ የእኛው ግሎቡሉስ፣ እስካሁን ከግትሮቹ ወገን ነው። እርሱን በቁራጭ የሚያባዙ አገሮች ብዙ ዛፎችን ከፈተኑ በኋላ ሥር ለማውጣት እሺ የሚሉትን ጥቂቶች እየመረጡ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይገባል። ከአንድ ዛፍ የወጣ ደን በሙሉ አንድ ዛፍ ነው፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ያ የጠረፉ ፈንገስ በአጋጣሚ የተደባለቀውን የሪዮ ክላሮ ዘር ሲወር የሚተርፉ ዛፎች ሊያገኝ የቻለው መደባለቁ ስለ ነበረ ነው። የዛፍ ዝርያ ንጽሕና ጠባቂዎች ነውር ያሉት ድብልቅ ከሌላ በኩል ሲታይ ጎተራ ነበር። በዚህ ነገር የናቫሮን ስሕተትና የናቫሮን ስጦታ መለየት እኔን ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ዘሩን ጠብቀው ንጹሕ አድርገውት ቢሆን ኖሮ የ1970ዎቹ ባለሙያዎች የሚመርጡት ነገር ምን ያህል በቀነሰ ነበር!

ኮምፓኒያ ፓውሊስታ በ1961 በግዛቱ መንግሥት ተወረሰ፤ በ1971ም ከሌሎች የባቡር ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቀረ። የእንፋሎት ባቡሮቹም ከዚያ በፊት ቆመዋል። የሪዮ ክላሮ መደብ ግን በ1977 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ2002 ወዲህ ኤድሙንዶ ናቫሮ ዴ አንድራዴ የመንግሥት ደን ተብሎ ከ2,200 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ ይጠበቃል። በዚያ የናቫሮ ዘመን ዛፎች፣ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያቅፏቸው፣ በየመደባቸው የቆሙ አሉ። ከነዚህ ሽማግሌዎች አንዱን ሳይለወጥ ለማባዛት የሚፈልግ ባለሙያ ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢተክል ይደርቅበታል። ዛፉ ቅርስ ስለሆነም ቆርጦ ጉቶውን ሊጠብቅ አይችልም። ያለው አማራጭ ወፍራም የቅርንጫፍ ጉማጅ ወስዶ በጭጋግ ርጭት ሥር አጋድሞ፣ ከቅርፊቱ ሥር የተኛው እምቡጥ ነቅቶ ቀንበጥ እስኪያወጣ መጠበቅ፣ ከዚያም ያንን ቀንበጥ በእጁ ይዞ ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው።